ወይ ጥራኝ፣ ወይ ልሂድ

ያን ቀን ጠዋት መቀስ ከቤት ከመውጣቷ በፊት ሁለት ጊዜ ልብስ ቀየረች። መጀመሪያ ለሥራ ሁልጊዜ የምትለብሰውን፣ ክርኑ ላይ የሳሳውን ሰማያዊ ሹራብ ለብሳ በር ላይ ደርሳ ነበር። ምን እንደታያት እንጃ፣ ተመልሳ አወለቀችውና እናቷ የሰፋችላትን አመድማ ቀሚስ አጠለቀች። እናቷ ከስፌት መኪናው ላይ ቀና ብላ፣ በከንፈሯ የያዘቻቸውን መርፌዎች አውጥታ፣ ከራስ ፀጉሯ እስከ እግር ጥፍሯ አየቻት።

"ሠርግ አለ እንዴ?"

"ሥራ ነው እማ።"

"ለኮምፒውተር ነው እንዲህ የሚለበሰው? ታድሎ!"

መቀስ ልትነግራት ፈልጋ ነበር። ግን ምን ብላ? "ዛሬ አንድ ሰው ስለ እኔ ለእናቱ ሊነግርልኝ ነው" ብላ? ያ ሰው የማን ልጅ እንደሆነ እናቷ ብትሰማ መርፌዎቹን ሁሉ ትውጣቸው ነበር።

"መቀስ" የወጣላት ስም ነው። ስቱዲዮ ውስጥ እናቷ ባወጣችላት ስም የሚጠራት የለም። አንድም የልብስ ሰፊ ልጅ በመሆኗ፣ አንድም ሥራዋ መቁረጥ በመሆኑ ነው፤ ሌሎች ቀርፀው ያመጡትን ምስል እየቆረጠችና እየቀጠለች ፊልም የምታደርገው እሷ ናት። ስሙን አልጠላችውም። ዳይሬክተሩን ደግሞ ሠራተኛው በሙሉ "አቶ ነገ" ይለዋል። እሱ ግን እስካሁን አልሰማም፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ።

አቶ ነገ መልከ መልካም፣ ጨዋ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማይናገር ሰው ነው። ተዋናይ ቢያረፍድ አይቆጣም፤ ካሜራ ቢበላሽ አይሳደብም። ፈገግ ብሎ "ችግር የለም፣ ነገ እናየዋለን" ይላል። መጀመሪያ የመቀስን ልብ የወሰደው ይኸው ጠባዩ ነው። ከሚጮሁ ዳይሬክተሮች ጋር መሥራት ሰልችቷት ስለነበር ጸጥታውን ደግነት ነው ብላ ወሰደችው። ደግነትም ነበረበት። ክፍሏ ስለሚበርድ እጆቿን በራሱ ካፖርት ኪስ ውስጥ ከትቶ ያሞቅላት ነበር። ከደግነቱ ሥር ፍርሃት እንዳለ ለማወቅ ግን ጊዜ ፈጀባት። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ፣ ዛሬ ነገ እያለ ክረምትና በጋ አፈራረቀባት።

የሚፈራው እናቱን ነው። ሰው ሁሉ "እትዬ" የሚላቸው እናቱ፣ የአንድ ስመ ጥር ጄኔራል ሚስት የነበሩ፣ ዛሬም የሳሎናቸው ግድግዳ በባላቸው ፎቶና ሜዳልያ የተሞላ እመቤት ናቸው። የዚያን ቤት መጋረጃ ሁሉ የሰፋችው የመቀስ እናት ናት። መቀስ ልጅ ሳለች ከእናቷ ጋር በጓሮ በር ትገባ ነበር፤ ሥራዋም ምንጣፉ ላይ የተበተኑትን መርፌዎች በማግኔት መልቀም ነበር። ያኔ የቤቱ ልጅ ደረጃ ላይ ተቀምጦ ያያት ነበር አሉ። "በማግኔትሽ እቀናብሽ ነበር" ብሏታል በኋላ፣ ፍቅር ሲጀምሩ። እሷ ግን የምታስታውሰው ምንጣፉን ብቻ ነው። ቀና ብላ እንድታይ አይፈቀድላትም ነበር።

አሁን የሚሠሩት ፊልም የጦርነት ፊልም ነው ቢባልም ጥይት የሚተኮስበት ቦታ ጥቂት ነው። ታሪኩ የእትዬ የራሳቸው ነው፤ ወጪውን የሚችሉትም እሳቸው ናቸው። ባሏ ወደ ግንባር የዘመተባት አንዲት ወጣት ሴት ደብዳቤ ትጽፋለች። ደብዳቤዎቹ ሁሉ "እኛ ደህና ነን፣ አታስብ" ነው የሚሉት። ጣሪያው ሲያፈስ ደህና ናቸው። ልጁ በትኩሳት ሲቃጠል ደህና ናቸው። የጎረቤቷ ባል መርዶ የመጣ ዕለትም ደህና ናቸው። በአፏ እንዲያ እያለች በልቧ የምትለው ግን ሌላ ነው፤ እሱንም ተመልካቹ ብቻ እንዲሰማው በድምፅ ይነበባል። ፊልሙን ፊልም ያደረገው ያ ድምፅ ነው። መቀስና አቶ ነገ የተዋደዱትም እሱን ሲጽፉ ነው፤ አንዱ አንድ ነገር ሲል ሌላው ሲያርመው፣ ሻያቸው ሳይጠጣ ሲቀዘቅዝ።

እትዬ ግን ልጃቸው የመጀመሪያውን ክፍል ቤት ወስዶ ያሳያቸው ቀን አልወደዱትም። "ይህች ሴት ታበዛዋለች። እኔ አንድ ቀን እንኳ እንዲህ አላልኩም" ብለው ድምፁ በሙሉ እንዲወጣ አዘዙ። አቶ ነገስ ምን አለ?

"እሺ እማዬ፣ ነገ እናየዋለን።"

መቀስ ይህን የሰማች ቀን ጥርሷን ነክሳ ዋለች።

እዚህ ላይ የሥራውን አንድ ልማድ ማወቅ ያስፈልጋል። ዋናዋ ተዋናይት ገብታ እስክታነበው ድረስ ቦታው ባዶ እንዳይሆን ኤዲተሯ ራሷ በማይክ ታነበዋለች። ጊዜያዊ ድምፅ ይሉታል። ልብስ ሰፊ ዋናውን ስፌት ከመስፋቷ በፊት በሰፋፊ ስፌት እንደምትይዘው ማለት ነው፤ በኋላ ተፈትቶ ይጣላል።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት መቀስና አቶ ነገ እጅ ለእጅ ተያይዘው መንገድ ሲሻገሩ አጎቱ ድንገት ከፊታቸው ብቅ አለ። አጎቱ እጁን ዘርግቶ "ማን ልበል?" ቢላት አቶ ነገ ቀደም ብሎ "ኤዲተራችን ናት" አለ። ውሸት አልነበረም። ግን እጁን ከእጇ ያወጣበት ፍጥነት! ትኩስ ምጣድ የነካ ሰው እንኳ እንደዚያ አይፈጥንም።

ወደ ክፍሏ ተመልሳ በሯን ዘጋችና ማይኩን ከፈተች። የደረሰችበት ትዕይንት ባልየው ለዕረፍት ከግንባር መጥቶ፣ ቦት ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ አልጋ ላይ የተኛበት ነው። ሚስቱ አጠገቡ ወንበር ላይ ተቀምጣ ታየዋለች። ስክሪፕቱ ላይ ያለው "ከስቷል" የሚል አንድ ቃል ብቻ ነው። መቀስ እሱን አነበበች። ከዚያ ማይኩን መዝጋት ሲገባት አልዘጋችውም። ስክሪኑ ላይ ያለችውን ሴት እያየች፣ ከየት እንደመጣባት ሳታውቀው እንዲህ አለች፦

"እዚህ ነኝ። ከአጠገብህ ተቀምጬ እንድትጠራኝ እየጠበቅሁ ነው። ወይ ጥራኝ፣ ወይ ልሂድ።"

አልሰረዘችውም። ይሰማዋል፣ ሲሰማው ይገባዋል፣ ሲገባው ያፍራል፣ አፍሮም ይመጣል ብላ ተወችው። ሰው ሲወድ ስንቱን ያስባል!

በማግስቱ አቶ ነገ መጥቶ ተቀመጠና ትዕይንቱን ከፈተችለት። እሷ ስክሪኑን ትታ ፊቱን ታይ ነበር። ያ ድምፅ ሲመጣ ዓይኑን ጨፈነ። በቃ፣ ገባው አለች በሆዷ።

"ውብ ናት!" አለ ዓይኑን ገልጦ። "መቼ ጨመርሻት? በጣም ውብ ናት። ግን ትንሽ ትረዝማለች። 'ወይ ልሂድ' የምትለውን ቁረጪና 'ጥራኝ' ላይ ትቁም። ይበልጥ አንጀት ትበላለች።"

ምን ትበል? "እሺ" አለች።

ክፍሉ ጥግ ላይ ማዳመጫውን ጭኖ ተቀምጦ የነበረው የድምፅ ባለሙያ ይህን ሁሉ ሰምቷል። እሱንም "ጆሮ" ነው የሚሉት፤ ወፍ ከግድግዳ ወዲያ ብታስነጥስ ይሰማል ብለው ያሙታል። አቶ ነገ እንደወጣ ማዳመጫውን አንገቱ ላይ አወረደ።

"እህቴ፣ ይቺ ነገር ከስክሪፕት ናት ወይስ ከሆድ?"

"ሥራህን ሥራ።"

"እሺ። ግን እንዳትቆርጫት። እኔ ሰው ሲያነብና ሲያለቅስ ለይቼ አውቃለሁ።"

"ኧረ አላለቀስኩም!"

"እሱን እኮ ነው የምልሽ" አለና ማዳመጫውን መለሰ።

አልቆረጠቻትም። ቀኑም እየገፋ ሄደ፤ አቶ ነገ ያችን መስመር፣ አለመቆረጧን እንኳ ልብ ሳይል፣ ደጋግሞ ሰማት፣ አንድ ቀን እንኳ ዞር ብሎ አላያትም። በመጨረሻ አንገሸገሻት። እናቱ ፊልሙን ለመጨረሻ ጊዜ የሚያዩበት ቀን ሲቃረብ መተላለፊያው ላይ አቁማ ያዘችው።

"ድምፁ እንዲቆይ እከራከራታለሁ" አላት እሱ ቀድሞ። "አንቺ የደከምሽበት ነው፣ አይወጣም።"

"እኔስ?"

"አንቺ ምን?"

"እኔ ልቆይ ወይስ ልውጣ?"

ፊቷን በሁለት እጁ ያዘ። ግራ ቀኝ ካየ በኋላ ነው ታዲያ።

"እነግራታለሁ። እዚያው፣ ፊልሙን አይታ እንደጨረሰች።"

"እኔ ባለሁበት?"

"አንቺ ባለሽበት።"

"ነገ እንዳትለኝ ብቻ።"

"አልልሽም" አለ እየሳቀ፣ ግንባሯንም ሳማት። አመድማው ቀሚስ የተለበሰው ለዚህ ነው። ተስፋ ያደረገ ሰው ሞኝ ነው ቢሉም፣ ያን ዕለት እሷን ያየ ማንም ሰው ሞኝ ሊላት አይደፍርም ነበር፤ አምሮባት ነበር።

* * *

እትዬ ደረጃውን በልጃቸው ክንድ ተደግፈው ወጡ። ሕንፃው አሳንሰር የለውም። ምድር ቤት ያለው የጎማ ጥገና ቤት ሲያንኳኳ ፎቁ ድረስ ይነዝራል። የመቀስ ክፍል ድምፅ እንዳያስተጋባ ግድግዳዋ ላይ ብርድ ልብስ የተቸነከረባት ጠባብ ክፍል ናት፤ ለእትዬ ተብሎ የመጣው ባለ መደገፊያ ወንበር ግማሹን ቦታ ይዞታል።

እትዬ ከመቀመጣቸው በፊት ምርኩዛቸውን ተደግፈው መቀስን አዩዋት። ከፊቷ ይልቅ ቀሚሷን፣ የአንገቱን ስፌት ነበር የሚያዩት።

"ይህን እጅ አውቀዋለሁ" አሉ። "የልብስ ሰፊዋ ልጅ ነሽ? መርፌ ትለቅሚ የነበርሽው?"

"ነኝ እትዬ።"

"አቤት ማደግ! እናትሽ ደህና ናት? ዓይኗ ገና ያያል?"

"ደህና ናት። ክር ማስገባት ሲያቅታት ብቻ እኔን ትጠራኛለች።"

"እኔማ ክሩም መርፌውም ጠፍቶብኛል" ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ያልተጠበቀ፣ የልጅ ሳቅ ነበር። ከልጅነቷ ጀምሮ የምትፈራቸው ሴትዮ መሳቅ እንደሚችሉ መቀስ ዛሬ ገና አየች። ዞር ብላ አቶ ነገን በዓይኗ "አሁን በላ" አለችው። ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ ከየት ይመጣል? እሱ ግን ጎንበስ ብሎ የስፒከሩን ገመድ ማስተካከል ጀመረ። ገመዱ ምንም አልሆነም ነበር።

ጆሮ መብራቱን አጠፋ።

መቀስ ለሰዎቹ ጀርባዋን ሰጥታ ኪቦርዱ ፊት ነው የተቀመጠችው። እትዬን የምትከታተለው በጆሮዋ ነው። ጣሪያው ሲያፈስ ሴትየዋ በልቧ ስታማርር "እንዲህስ አላልኩም" ብለው አጉረመረሙ። ልጁ ሲታመም ከንፈራቸውን መጠጡ። መርዶው ሲመጣ ግን ዝም አሉ። አቶ ነገ በየመሃሉ "እዚህ ላይ እናስተካክለዋለን እማዬ"፣ "ይህም ይወጣል" ይላል። መቀስ የኪቦርዱን ጠርዝ ጨብጣ ያዘች። እከራከራታለሁ ያለ ሰው ነው እንግዲህ ይህ!

ባልየው ለዕረፍት መጣ። ቦት ጫማውን እንዳጠለቀ ተኛ። ሴትየዋ አጠገቡ ተቀመጠች።

"ከስቷል" አለ የመቀስ ድምፅ በስፒከሩ። ከዚያም፦ "እዚህ ነኝ። ከአጠገብህ ተቀምጬ እንድትጠራኝ እየጠበቅሁ ነው። ወይ ጥራኝ፣ ወይ ልሂድ።"

"አቁሚልኝ" አሉ እትዬ።

አቆመች። ሴትየዋ ስክሪኑ ላይ ዓይኗ እንደፈጠጠ ቀረ።

"መልሺልኝ እስቲ።"

መለሰችው። የራሷ ድምፅ ሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ ፊቷ እስከ ጆሮዋ ጋለ። ሰው በተሰበሰበበት ልብሷን ያወለቀች ያህል አፈረች። ድምፁ ሲያልቅ ታች ጎማ ቤት አንድ ብረት ወድቆ ሲንኳኳ ብቻ ተሰማ።

"ሁለት ቀን ሙሉ ተኛ" አሉ እትዬ ቆይተው፣ ለማንም ሳይሆን። "ጫማውን ያወለቅሁለት እኔ ነኝ። እግሩ ቆስሎ ነበር። አጠገቡ ተቀምጬ የሆነ ነገር ልለው እፈልጋለሁ፤ ምን እንደሆነ ግን እኔ ራሴ አላውቀውም። ሲነቃ ምግብ አቀረብኩለት፣ በላ፣ ሄደ። ከዚያ በኋላ ጄኔራል ሆነ፣ ሰው በዛ፣ እንግዳ በዛ። ያ ነገር እንደከነከነኝ ቀረ።" ምርኩዛቸውን ወደ ስክሪኑ ቀሰሩት። "ይኸው አሁን ሰማሁት። ልክ ይህንን ነበር ልለው የፈለግሁት።"

መቀስ ጀርባዋን እንደሰጠች ዓይኗ እንባ ሞላ።

"ሌላው ሁሉ የመጽሐፍ ነው" ቀጠሉ እትዬ። "ይቺ ግን ከሰው የወጣች ናት። አንተ አይደለህም የጻፍካት።"

"እ... አብረን ነው የምንጽፈው እማዬ።"

"ተው እንጂ፣ እኔ እኮ ነኝ የወለድኩህ! ይህን የምትል ሴት ሰው ስትጠብቅ የኖረች ናት። ማን ናት?"

ጆሮ እንኳ ማዳመጫውን አውልቆ እንደ ሰው በባዶ ጆሮው ይሰማ ነበር።

"ኤዲተራችን ናት" አለ አቶ ነገ።

"እሱንማ አየሁ። ላንተ ምንህ ናት ነው የምልህ።"

ጥያቄው ቁጣ የለበትም፤ ወጥመድም የለበትም። አንዲት አሮጊት እናት ልጃቸው በሕይወቱ አንድ ጊዜ እንኳ እውነቱን አፉን ሞልቶ እንዲነግራቸው ነው የጠየቁት። የቀረው "አዎ፣ እወዳታለሁ" ማለት ብቻ ነበር።

አቶ ነገ ሳቀ። ተዋናይ ሲያረፍድ የሚስቃትን ያችን ሳቅ።

"እማዬ ደሞ! የሥራ ባልደረባዬ ናት እንጂ። በጣም ጎበዝ ልጅ ናት። ድምፁም ቢሆን ጊዜያዊ ነው፤ ዋናዋ ተዋናይት ስትመጣ ይነሳል፣ አታስቢ።"

ጎበዝ ልጅ! እንዲህ የሚባለው ፈተና ላለፈ ተማሪ ነው፤ ሻይ ሳይደፋ ላመጣም ይባላል። እጇን ኪሱ ውስጥ ይዞ ላሞቀላት ሴት ግን እንዴት ተብሎ? መቀስን ቢሰድባት ይሻላት ነበር። ስድብ ቢያንስ ያስቆጣል፤ ይህ ግን መልስ እንኳ የለው።

እትዬ ልጃቸውን ረዥም ጊዜ አዩት። ሳጥን ከፍቶ ያስቀመጠውን ያጣ ሰው ነበር የሚመስሉት። ከዚያም ወደ መቀስ ዞሩ።

"ልጄ፣ ወደኔ ዙሪ እስቲ።"

ዞረች።

"ድምፁ ይቆይ። ሁሉም። የተዋናይት አልፈልግም፣ የአንቺው ይሁን።"

ያን ሁሉ ጊዜ የለፋችበት፣ ያን ሁሉ ክርክር ብቻዋን የተከራከረችለት ነገር ተፈቀደላት። ደስታው እስኪመጣ ትንሽ ጠበቀች። አልመጣም።

"አመሰግናለሁ እትዬ" አለች። ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። አላለቀሰችም፤ ንዴቱ ለእንባ ቦታ አልለቀቀላትም።

* * *

ሁለተኛው ፎቅ መዞሪያ ላይ አቶ ነገ ደረሰባት።

"ቆይ እንጂ!" ሲላት እንኳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር። "ምን ሆነሽ ነው? ድምፁ ቆየ እኮ! አሸነፍን!"

"አሸነፍን?"

"ተናደድሽ እንዴ?"

"ኧረ በፍጹም። ጎበዝ ልጅ አይናደድም።"

አቶ ነገ ፀጉሩን አከከ። ወደ ላይ አየ፣ ወደ እሷ አየ። "ስሚኝ። እማዬ አርጅታለች። አየሻት እንዴት እንደሆነች፤ አባዬን አስታውሳ፣ ልቧ ተነክቶ፣ በዚያ ሰዓት እንዴት ነው የምነግራት? ትንሽ ትረጋጋና..."

"ጠየቁህ እኮ!" ድምጿ በደረጃው ውስጥ አስተጋባ። "በሩን ከፍተው ግባ አሉህ! እኔ እኮ ከእናትህ ጋር ለመጣላት ነበር የተዘጋጀሁት። 'የሰፊ ልጅ ለልጄ?' ቢሉኝ ምን ብዬ እንደምመልስላቸው ሳስብ ነው ያደርኩት። ማልቀስ የለብሽም እያልኩ ራሴን ስመክር ነው ያደርኩት። ለካ የሚከለክለን ሰው የለም! ያን ሁሉ ጊዜ ግድግዳ አለ እያልክ ያስቆምከኝ፣ ግድግዳው አንተ ነህ!"

"ቀስ በይ፣ ትሰማለች።"

"ይስሙ!"

እጇን ያዛት። እጁ እንደ ሁልጊዜው ሙቅ ነበር፤ ይህም አናደዳት።

"ያቺ መስመር..." አለ በዝግታ። "ለእኔ ነበረች አይደል? አሁን ገና ገባኝ።"

"አሁን ገና?"

"ቁረጪ ስልሽ አላወቅሁም ነበር። እውነቴን ነው።"

"እናትህ ሁለቴ ሰምተው ገባቸው። አንተ በየሥራ ቀኑ ስትሰማት ከርመህ ምን አልከኝ? 'ትረዝማለች' አልከኝ!"

ዓይኑ እርጥብ ሆነ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ነገሩ ምን ያህል በቀለለ። ጠጋ ብሎ ከንፈሩን ወደ ጆሮዋ አስጠጋ።

"እወድሻለሁ" አለ በሹክሹክታ።

ከዚህ በፊትም ብዙ ጊዜ ብሏታል። በመኪና ውስጥ መስኮት ተዘግቶ፣ መተላለፊያ ላይ ሰው ሲጠፋ፣ በስልክ ሌላው ሰው ከክፍሉ ሲወጣ። ሁልጊዜ እንዲህ፣ ትንፋሽ ብቻ አድርጎ። ድምፅ የሌለውን ነገር እየቀጠለች ፍቅር አድርጋ የኖረችው እሷ እንደሆነች ያን ጊዜ ታወቃት።

"ከፍ አድርገህ በለው" አለችው።

"ምኑን?"

"አሁን ያልከውን። ከፍ አድርገህ።"

አፉን ከፈተ። ዓይኑ ግን ወደ ላይ፣ ወደ በሩ ሄደ። ያን ጊዜ በሩ ተከፈተና የእትዬ ምርኩዝ ወለሉን ሲነካ ተሰማ።

"ልጄ? ከማን ጋር ነህ?"

ድምፃቸው ለስላሳ ነበር። ከማን ጋር እንደሆነ ጠፍቷቸው የጠየቁም አይመስልም።

መቀስ አየችው። እውነቱን ለመናገር፣ ያ ሁሉ ከሆነ በኋላ እንኳ፣ እስከዚያች ቅጽበት ድረስ ተስፋዋ አልተቆረጠም ነበር።

"ከማንም ጋር አይደለሁም እማዬ" አለ አቶ ነገ። "መጣሁ።"

እጇን ግን አጥብቆ እንደያዘ ነበር። ያስለቀቀችው እሷ ናት። አንድ ደረጃ ወረደች፣ አንገቷን ወደ ላይ ቀና አደረገች፣ ታች ጎማ የሚፈቱት ሠራተኞች እስኪሰሙ ድረስ ተናገረች፦

"ከእኔ ጋር ነበር እትዬ! ጨርሰናል።"

መልስ አልጠበቀችም፤ ደረጃውን ወርዳ፣ ጎማ ቤቱን አልፋ፣ መንገዱ ላይ ወጣች። ያን ሁሉ ጊዜ አፍና የያዘችው ቃል ወጥቷል፤ ሲወጣ ይቀለኛል ብላ ነበር፣ አልቀለላትም። ሰው በግራ በቀኟ ያልፋል፤ እሷ ግን ከኋላዋ የሚሮጥ የእግር ኮቴ ይመጣ እንደሆነ ጆሮዋን ጥላ ስታዳምጥ ራሷን አገኘችው። ማንም አልመጣም። ማንም እንደማይመጣ ታውቃለች። ማዳመጧን ግን መተው አቃታት፣ ከሁሉም ይልቅ ያናደዳት ይህ ነበር።